እንግዳ በሊበንና በድሬ፤ የቡርጂዎች ፍልሰት

ስለ ስደትና ስለ ባህል መዋረስ በተነሣ ቁጥር ሐሳባችን ባሕር ተሻግሮ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ሮማ ወይም ወደ ስቶክሆልም ይሮጣል። በእነዚያ ከተሞች የሚኖር ኢትዮጵያዊ የባለአገሩን ቋንቋ እንዴት እንደ ተማረ፣ ልጆቹም የአባታቸውን ቋንቋ እንዴት እንደ ዘነጉ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተዘፍኗል። ይኸው ነገር ከነጣፋጩ ከነመራራው በገዛ ምድራችን፣ ነጌሌንና ያቤሎን፣ ሜጋንና ሞያሌን በያዘው የደቡብ ቆላ ከመቶ ዓመት በላይ ሲፈጸም ኖሯል። ጸሐፊዎቻችን እምብዛም ያልዞሩበት፣ እንደሚመስለኝ፣ ስደተኛው በእግሩ የመጣ ስለ ሆነ ነው። መርከብና አውሮፕላን የሌለበት ስደት ስደት አይመስለንም።

የዚህ ቆላ ባለአገር ቦረና ነው። ምድሩንም በሁለት ታላላቅ ስሞች ይጠራዋል፤ ነጌሌ ያለችበት ምሥራቁ ሊበን፣ ሜጋ ያለችበት ምዕራቡ ድሬ ይባላል። በድሬ ቱላ የሚባሉ ጥልቅ ኤላዎች አሉ። ውኃው የሚወጣው ሰዎች ከጕድጓዱ ግርጌ ጀምሮ እስከ አፉ በመደዳ ቆመው፣ እያዜሙ፣ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ነው። ኤላው ኮንፊ የሚባል አባት አለው፤ የየዕለቱን የመጠጫ ተራ የሚደለድለው ደግሞ አባ ሄሬጋ ይባላል። በዚህ አገር “አንተ ማነህ?” የሚለው ጥያቄ ከልብ የሚጠየቀው ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ኤላ በቀረበ ጊዜ ነው፤ ጎሣው ያልታወቀ ሰው ከብቱን እንዳሻው አያጠጣም። ለገዛ ጥሙ ውኃ ቢለምን ግን አይከለከልም። እንግዳ የሚቆመው በሚከለከለው የከብት ውኃና በማይከለከለው የሰው ውኃ መካከል ነው። ቦረና “ናጋ ቦረና” ብሎ ወደሚጠራው ሰላም ለመግባት የሚሻ ሁሉ መንገዱን የሚጀምረው ከዚያ ስፍራ ነው።

መንገዱ ዝግ አልነበረም። ኦሮሞ ሞጋሳና ጉዲፈቻ በሚላቸው ሥርዐቶች የውጭ ሰው በጎሣ ስም፣ ልጅም በአሳዳጊው ስም ይገባል። ጀርመናዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ጉንተር ሽሌ በ1981 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በገብራ፣ በሳኩዬ፣ በገሪና በረንዲሌ ሕዝቦች መካከል ተመሳሳይ ጎሣዎች ወዲህና ወዲያ ተሻግረው እንደሚገኙ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሰደደ ሰውም የጎሣ ወንድም እንደማያጣ ዘርዝሮ አሳይቷል። እነዚህ ሁሉ ግን ከብት ወይም ግመል የሚነዱ፣ ኑሯቸው የሚቀራረብ ሕዝቦች ናቸው። የቡርጂው ነገር ለየት ይላል፤ እርሱ ወደ ቆላ የወረደው ዶማውን ተሸክሞ ነው።

ቡርጂ ከጫሞ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለው ከፍታ ላይ የሚኖር አራሽ ሕዝብ ነው። ቋንቋው ዳሻቴ ከሲዳማና ከሐድያ ቋንቋዎች ጋር ይዛመዳል፤ ከኦሮምኛ ግን ራቅ ይላል። ሆኖም በሽማግሌዎቹ አፈ ታሪክ ቡርጂ፣ ቦረናና ኮንሶ ጥንት ሊበን በሚባል ስፍራ አብረው ይኖሩ ነበር፤ ኋላ ነው የተለያዩት። አፈ ታሪክን እንደ ሰነድ የሚቈጥር የታሪክ ተማሪ ይሳሳታል፤ እንደ ተረት የሚጥለውም እንዲሁ። ሰው ሲሰደድ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚነግረው እንዲህ ያለው ትረካ ነውና። ቡርጂው ወደ ቦረና ሲወርድ በአያቶቹ አንደበት ወደ አሮጌ ጎረቤቱ መሄዱ ነበር።

ያስወረደው ነገር ግን ትዝታ አልነበረም። ከዐድዋ ድል ማግሥት፣ በ1889 ዓ.ም. ገደማ፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ጦር ቦረናን ያዘ። የቡርጂ ምድርም በዚያው ዘመን በምኒልክ ሠራዊት እጅ ገባ። ገበሬው ለነፍጠኛ ተቈጥሮ ገባር ሆነ፤ እህል ገበረ፣ እንጨት ለቀመ፣ አጥር አጠረ፣ ዱቄት አስፈጨ። በዚህ ላይ ሰውን በባርነት የሚፈነግል ነበር። ደጋውን ትቶ ወደ ያቤሎ፣ ወደ ሜጋ፣ ወደ ሞያሌ የወረደው ሰው ብዙ ነው። በ1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ ድንበራቸውን ሲዋዋሉ ቦረና በሁለት መንግሥት ተከፈለ፤ ለሸሸው ገባር ግን ያ መስመር መጠጊያ ሆነለት። መስመሩን ከተሻገረ ጌታው አይከተለውም።

እዚያ ማዶ እንግሊዞቹ በረሓ ላይ የተከሉት ጣቢያ እህል ያሻው ነበር። የቡርጂ አራሾች ከሞያሌ አልፈው እስከ ማርሳቢት ተራራ ዘለቁ፤ ደኑን ተጠግተው መሬት ሰበሩ፤ ጤፍም ዘሩ። ዛሬ በሰሜን ኬንያ ጤፍ የሚታወቅ ሰብል ከሆነ ይህ በቡርጂ እጅ የመጣ ነው። ወተት ያለው ቦረናና እህል ያለው ቡርጂ በገበያ ተገናኙ። ቡርጂው ብዙ ከብት ስላልነበረው በኤላው ተራ ላይ ከማንም ጋር አልተሻማም፤ በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት በሰላም የተቀመጠበት ትልቁ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ነው። ከማረሱ በተጨማሪ ነጋዴ፣ ግንበኛና ባለሱቅ ሆነ። የገበያው ቋንቋ የቦረና ኦሮምኛ ስለ ነበረ ያንን ተማረ፤ በሞያሌና በማርሳቢት ብዙው እስልምናን ተቀበለ፤ ከድንበሩ ወዲህ ጉዳይ ሲኖረው አማርኛ፣ ከድንበሩ ወዲያ ኪስዋሂሊ ጨመረ። እንዲህ አራት አንደበት ያለው ሰው አዲስ አበባ ቢኖር ምሁር እንለው ነበር፤ ሞያሌ ላይ ባለሱቅ ይባላል።

ዋጋውም አልቀረም። ቋንቋ በቤት ሲታክት በገበያ አይድንም። ከድንበሩ ማዶ በተወለዱት ልጆች ዘንድ ዳሻቴ እየሳሳ፣ ቦረንኛው የእናት ቋንቋ እየሆነ ሄደ። አያትና የልጅ ልጅ በሌላ ሕዝብ ቋንቋ ይጨዋወታሉ።

በእነዚህ ከተሞች ሌላም መጤ ነበር፤ ራሱን መጤ ብሎ የማይጠራ፤ ወታደሩና የመንግሥት ሹሙ። ከሰሜንና ከመሐል አገር መጥቶ በሜጋ፣ በአሬሮ፣ በነጌሌ ሰፈረ። ለቡርጂው የባለአገሩን ልማድ መማር ግዴታው ነበር፤ ለዚህኛው ግን ባለአገሩ የእርሱን ልማድ እንዲማር ተጠበቀ። ፍርድ ቤቱም ትምህርት ቤቱም በአማርኛ ሆነ። ይሁንና ቆላው በቀስታ ሠራበት፤ ብዙው አገባ፤ ልጆቹ በሰፈር ኦሮምኛ አፋቸውን ፈቱ፤ ቡና በቅቤ ቀልቶ የሚያቀርበው የቦረና ቡና ቀላም ከቤቱ ገባ። ነጌሌ ራሷ የጦር ስም ሆና ነው በዓለም የተሰማችው። ግራዚያኒ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር በገናሌ ዶርያ ድል ነሥቶ ጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ያዛት፤ “የነጌሌ ማርኬዝ” የሚል ማዕርግም ተሰጠው። ያን ጊዜ ወደ ኬንያ የተሻገሩት ኢትዮጵያውያን በኢሲኦሎ ሰፈር ውስጥ ተከልለው ተቀመጡ፤ ከሰፈር ውጭ መኖር ያልተፈቀደለት ስደተኛ ደግሞ ከባለአገሩ የሚማረው ነገር ጥቂት ነው።

የጥር 1966 ዓ.ም. ነገር ግን ከዚህ ጽሑፍ ጋር በቀጥታ ይገጥማል። በነጌሌ የሰፈረው ብርጌድ ተራ ወታደሮች የሚቀዱበት ጕድጓድ ፓምፑ ተበላሸ፤ ከመኰንኖቹ ጕድጓድ ለመቅዳት ቢጠይቁ ተከለከሉ። ምግባቸውም የማይበላ ነበር። ጥር 4 ቀን ዐመፁ፤ አለቆቻቸውን አሰሩ። ነገሩን እንዲያይ የተላከውን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው ከሚበሉት አበሉት፤ ከሚጠጡትም አጠጡት። የዘውዱን ሥርዐት ያፈረሰው አብዮት ከዚህ ተነሣ ማለት የተለመደ ሆኗል። የቴአትር ሰው እንደ መሆኔ ይህን ትዕይንት ፈጥሬ ጽፌው ቢሆን ተመልካች “አበዛኸው” ይለኝ ነበር። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስፍራው ነው። ለተጠማ ሰው ውኃ መከልከል ነውር በሆነበት በሊበን ምድር ሠራዊቱ ለገዛ ልጆቹ ውኃ ከለከለ። በዚያ ሰፈር ብዙ ዓመት የተቀመጡት መኰንኖች ከባለአገሩ ሕግ የመጀመሪያውን አንቀጽ እንኳ አልተማሩም ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሚዛኑ ተገለበጠ። ኦሮምኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሆነ፤ የቀድሞው ወታደር ልጅ የመንግሥት ደብዳቤ ለመጻፍ የሰፈር ቋንቋውን በቍቤ ይማር ጀመር። ሳይሰደድ አገሩ ተለወጠበት። በአፉ ያውቀው የነበረው በቶሎ ተሻገረ፤ ንቆት የኖረው ተቸገረ። ሞያሌ ደግሞ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ስታከራክር፣ ሁለቱም በየበኩላቸው ያስተዳድሯት ጀመር።

ቡርጂው ይህን ሁሉ የቻለ ይመስል ነበር። በኬንያ በየካቲት 2005 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ግን በማርሳቢት አውራጃ ረንዲሌ፣ ገብራና ቡርጂ ተባብረው አሸነፉ፤ በቍጥር የሚበልጠው ቦረና ሥልጣኑን አጣ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በኬንያዋ ሞያሌ ግጭት ተነሥቶ ቤት ተቃጠለ። ሦስት ትውልድ በአንድ ቋንቋ የተገበያዩ ሰዎች በዚያው ቋንቋ ተዛዛቱ። ቦረና እንግዳን ኬሱማ ይለዋል፤ ቃሉ ክብር ያለበት ቃል ነው፤ ኬሱማ ምርጫ አያሸንፍም እንጂ። እዚህ ላይ በቦረናው ብቻ መፍረድ አይገባም። በገዛ ምድሩ በሁለት መንግሥት ተከፍሎ፣ በሁለቱም ዳር ሆኖ የኖረ ሕዝብ ያለችውን ጥቂት ወንበር አጥብቆ ቢይዝ ምክንያቱ ይገባል። ቡርጂውም ከመቶ ዓመት በኋላ እንደ እንግዳ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ሊጠየቅ አይችልም።

በዚያ ታኅሣሥ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ከኬንያዋ ሞያሌ ወደ ኢትዮጵያ ሸሹ፤ አያቶቻቸው ከገባርነት አምልጠው የተሻገሩትን መስመር ወደ ኋላ ተሻገሩት። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ሲገድሉ፣ ሌሎች በሺሕ የሚቈጠሩ በዚያው መስመር ወደ ኬንያ ሄዱ። ከደጋው ያልወረዱት ቡርጂዎች በበኩላቸው በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም የራሳቸውን ዞን አገኙ። የማርሳቢት ዘመዶቻቸው ወደዚያ ሊጠይቁ ሲመጡ ሽማግሌዎቹን የሚያነጋግሩላቸው አስተርጓሚ ያሻቸዋል፤ አስተርጓሚውም ብዙውን ጊዜ ቦረንኛ የሚያውቅ የሠፈሩ ነጋዴ ነው።