ለቀብር እድር አለን፤ ለሕመምስ?

ከሞጆ ወደ መቂ ስትወርዱ ዓለም ጤና የምትባል ከተማ ታገኛላችሁ። የቦራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟን ብቻ የሰማ ሰው ሆስፒታል በሆስፒታል የሆነች ሊመስለው ይችላል። እሷ ግን እንደ ስምጥ ሸለቆ እህቶቿ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጫንባት፣ ወባም የማይረሳት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። እኔን የያዘኝ ስሟ ነው። እውነት፣ ዓለም ጤናውን በምን ይገዛል? እኛስ?

ነገሩን ከሞት በኩል ልጀምረው፤ ምክንያቱም እኛ በሞት በኩል ጎበዞች ነን። አዳማ ውስጥ የፈለጋችሁት ሰፈር ሰው ይሙት፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ይወጣል፣ ገንዘቡም ለቤተሰቡ ይሰጣል። ማንም ማንንም አይለምንም። ያው ሰው ከመሞቱ ስድስት ወር በፊት ኩላሊቱ ሲደክም ግን ወርቅ ተሽጧል፣ ከብት ተሽጧል፤ በመጨረሻም ፎቶውና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ታክሲ መስታወት ላይ ተለጥፏል። እድርተኛው በግሉ ጠይቆታል፣ ብርቱካንም ይዞለት ሄዷል። ሣጥኑ ግን የሚከፈተው ሰውዬው ሲያርፍ ነው።

ሌላው ዓለም ከዚህ የተለየ ጅምር የነበረው እንዳይመስላችሁ። በዌልስ ትሬዴጋር የምትባል የከሰልና የብረት ሠራተኞች ከተማ አለች። ሠራተኞቿ እ.ኤ.አ. በ1890 የሕክምና መረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ። ከደመወዛቸው ከየፓውንዱ ጥቂት ፔኒ እያዋጡ ሐኪም ቀጠሩ፣ ነርስ ቀጠሩ፣ ሆስፒታልም ነበራቸው። በጊዜ ብዛት የከተማዋ ሕዝብ ከሞላ ጎደል በዚህ ማኅበር ይታከም ጀመር። እዚያው ተወልዶ በልጅነቱ ከሰል ጉድጓድ የገባው አኑሪን ቤቫን የእንግሊዝ የጤና ሚኒስትር ሲሆን ያንን በአገር ደረጃ አሰፋው፤ ሐምሌ 5 ቀን 1948 (እ.ኤ.አ.) በግብር የሚተዳደረው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረ። እንግዲህ የእንግሊዝ ሕክምና አንዱ አባት እድር ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ጀርመንም እንዲሁ ናት። ቢስማርክ በ1883 (እ.ኤ.አ.) የሕመም መድን ሕግ ሲያወጣ የባለሙያዎችና የማዕድን ሠራተኞች መረዳጃ ሣጥኖች ቀድመው ነበሩ። እሱ ግዴታ አደረጋቸው፤ ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው እንዲከፍል ደነገገ። ለድሃ አዝኖ ነው ወይ ካላችሁ፣ ሶሻሊስቶቹን ፈርቶ ነው። አሜሪካ በበኩሏ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደመወዝ እንዳይጨመር ሲታገድ፣ አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ የጤና መድን መስጠት ጀመሩና ሕክምናዋ ከሥራ ጋር ተቆራኝቶ ቀረ።

የአሜሪካው ዓይነት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከአዳማ ደቡብ፣ ወንጂ ድረስ ወረድ ማለት ይበቃል። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ፋብሪካውን ሥራ ሲያስጀምር፣ ለሠራተኛው ቤቱም ሕክምናውም የሚመጣው ከኩባንያው ነበር። ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ግን የውኃ ጉድጓዱም የኩባንያው ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ከዚህ አካባቢ ሰው ቡናማ ጥርስ አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። ወንጂ ላይ ብዙ ዓመት የጠጡት ሠራተኞች ግን ከጥርስ አልፎ አከርካሪያቸው የደረቀ፣ ወገባቸው የጎበጠ ነበሩ፤ ሐኪሞች መዝግበውታል። በአንድ እጅ የሚያክም አሠሪ በሌላው እጅ ሊያሳምም እንደሚችል ለማየት ዌልስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ፤ ሕክምናው ግን ያኔም የሠራተኛ ነበር። አገዳ ያልቆረጠ ገበሬ ከአጥሩ ውጭ ነው።

ለዚያ ገበሬ መንግሥት የደረሰለት በወባ በኩል ነው። በ1950ው ክረምትና ተከትሎት በመጣው መኸር ወባ አገሪቱን አጥለቀለቀች፤ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። የወባ ሠራተኞች ማሠልጠኛ ማዕከልም እዚሁ ናዝሬት ነበር። መድኃኒት ረጪው ጎጆ ለጎጆ ሲዞር መዋጮ አልጠየቀም፣ መታወቂያም አልጠየቀም። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የመጡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ የዚያው መንገድ ተከታዮች ናቸው። ችግሩ ይህ መንገድ በሽታ መከላከል ላይ ጠንካራ ሆኖ የኩላሊቱ ሰውዬ ጋ ሲደርስ ማለቁ ነው።

ታዲያ እድራችን ለምን ትሬዴጋር አልሆነም? አንዳንዱ ሰው ባህላችን ሞትን ስለሚያከብር ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። ሞት ለሒሳብ ይመቻል፤ አንዴ ብቻ ይመጣል፣ ሊደበቅም ሊመሰልም አይችልም፣ የድንኳኑ ወጪም ይታወቃል። ሕመም ይመላለሳል፣ ወጪው ልክ የለውም። ከዚህም በላይ ደግሞ የትሬዴጋር ሠራተኞች ገንዘብ ሲያዋጡ የሚቀጠር ሐኪም ነበራቸው። እድር በከተሞቻችን ሲስፋፋ ሐኪሙ የት ነበር? ጎንደር የጤና ኮሌጅ እንኳ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። ቢያዋጡስ ከማን ይገዛሉ? ስለዚህ የሚገዛውን ነገር ገዙ፤ ድንኳን።

ዶ/ር ዳመን ኃይለ ማርያም እድር ለጤና መድን መሠረት መሆን ይችል እንደሆነ ያጠኑት ቆይተው ነው፤ ጥናታቸው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ሩዋንዳ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በሦስት ወረዳዎች የመረዳጃ መድን ሞክራ ወደ አገር አስፋፍታ ነበር። እኛ ዘንድ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከኦሮሚያዎቹ አንዱ የምሥራቅ ሸዋው ግምቢቹ ነበር። አሠራሩን ስታዩት እድር ነው። ቤተሰብ በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ የድሃ ድሃውን ክልልና ወረዳ ይከፍሉለታል፣ ታማሚው ካርዱን ይዞ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የከተማው ደመወዝተኛ መድን ግን አዋጁ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ከደመወዝ 3 በመቶ ይቆረጣል ሲባል ሠራተኛው አጉረምርሞ፣ ለዓመታት ሲራዘም ቆይቷል። ያው ሠራተኛ ግን የእድር መዋጮ አሳልፎ አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር ማጉረምረሙ መሠረት አለው። የድንኳን እድር ድንኳን የለንም ብሎ አያውቅም። የመድን ካርድ የያዘ ገበሬ ግን ተመርምሮ፣ ወረቀት ተጽፎለት፣ ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት መስኮት «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ተብሎ የሚመለስበት ቀን ብዙ ነው። ከውጭ ሲገዛ በኪሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ሰብሳቢው በሩን ሲያንኳኳ ምን እንደሚመልስለት መገመት አያቅትም፤ ጤነኛው ከወጣ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ የሚቀሩት በሽተኞች ብቻ ናቸው።