ሳውንድስቴጅ፦ የድምፅ መድረክ

በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። ቅጂው ጥሩ፣ አቀማመጡም የተስተካከለ ከሆነ ግን ዘፋኙ እዚያው ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ የሚያዜም ይመስላል፤ ጊታሩ በግራው፣ ከበሮው ራቅ ብሎ ከኋላው ይሰማል። የድምፅ መሣሪያ ወዳጆች ይህን በጆሮ የሚሳል ሥፍራ «ሳውንድስቴጅ» ይሉታል። በአማርኛ «የድምፅ መድረክ» ቢባል ያስኬዳል፤ መድረክ ወርድ ብቻ ሳይሆን ጥልቀትም አለውና።

ምስጢሩ ጆሮን ማታለል ነው። ከጎን የመጣ ድምፅ አንዱ ጆሮ ላይ ቀድሞ ይደርሳል። ልዩነቱ ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ አእምሮ ግን አቅጣጫውን ለማወቅ ይበቃዋል። ሁለት ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ እኩል ሲያወጡና አድማጩ መሐል ላይ ሲቀመጥ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ድምፁም ከፊት ለፊት የመጣ ይመስላል።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ዛሬ ስቴሪዮ ለሚባለው ለዚህ ጥበብ የፈጠራ መብት ያመለከተው በ1931 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1935 በሠራቸው የሙከራ ፊልሞች ሰዎች እየተነጋገሩ ሲመላለሱ ድምፃቸውም አብሯቸው ይጓዛል። ብሉምላይን በ1942 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የስቴሪዮ ሸክላ ገበያ ላይ የዋለው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በየሳሎኑ መድረኩን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ አቀማመጡ ነው። ስፒከሮቹ ብፌው ላይ ቴሌቪዥኑን ተጠግተው፣ ወይም አንዱ ጥግ ሌላው በር አጠገብ ተደርገው ምንም ያህል ውድ ቢሆኑ ዋጋ የለውም። በሁለቱ መካከል 2 ሜትር ካለ አድማጩም ከእያንዳንዳቸው 2 ሜትር ያህል ይራቅ። ከኋላ ግድግዳ ሳብ ማድረግ፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ስፒከር በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ማድረግም ይጠቅማል።

የጎን ግድግዳ ሌላ ጣጣ አለው፤ የሚመልሰው ድምፅ ከዋናው በጥቂት ሚሊሰከንዶች ዘግይቶ እየደረሰ የድምፅ መድረኩን ያደበዝዛል። መላው ቀላል ነው። አንድ ሰው መስታወት ይዞ ግድግዳውን እየታከከ ይሂድ፤ ለተቀመጠው አድማጭ ስፒከሩ በመስታወቱ ውስጥ የሚታይበት ቦታ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም የመጽሐፍ መደርደሪያ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የዘፋኙ ድምፅ መሐል አልቆም ካለ፣ ወፍራሙ ድምፅም ከሳሳ፣ ከአንዱ ስፒከር ጀርባ ቀይና ጥቁሩ ሽቦ ተለዋውጦ ሊሆን ይችላል። የሬዲዮ ዜና ከፍቶ መፈተሽ ይቻላል፦ የአንባቢው ድምፅ ልክ ከመሐል፣ ከጠባብ ቦታ መምጣት አለበት። ክፍሉን ሁሉ ከሞላው አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ የአንደኛውን ስፒከር ሽቦዎች ማቀያየር ነው።