መስኪት፦ ከካርቱም ተነሥቶ ምሥራቅ ሱዳንን የወረረው ዛፍ እንዴት ይመነጠራል?

ከካርቱም ሁለት ተነሥቶ የሰማያዊ ዓባይን ድልድይ ወደ ሰሜን የተሻገረ ሰው ብዙም ሳይርቅ ሻምባት ይደርሳል። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ የሚገኝበት ይህ ሰፈር፣ ዛሬም ድረስ የሱዳንን ገበሬዎች የሚያስቸግር አንድ ዛፍ የተሞከረበት ቦታ ነው። ዛፉን ሱዳናውያን መስኪት፣ የዕፅዋት ባለሙያዎች ደግሞ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይሉታል።

የመስኪትን ዘር እአአ በ1917 ከግብጽና ከደቡብ አፍሪካ አስመጥቶ ካርቱም ላይ የተከለው በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን የመንግሥት የዕፅዋት ተመራማሪ የነበረው ማሲ ነው። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ሻምባት ላይ የተደረገው ሙከራ አስደሳች ውጤት አስገኘ። ድርቅ የማይበግረው፣ የሚነጉድ አሸዋን የሚገታ፣ ለማገዶም የሚሆን ዛፍ ተገኘ። በ1947 ወደ ከሰላ ተወሰደ፤ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ድርቁ ሲበረታ ደግሞ በምሥራቅ ሱዳን በስፋት ተተከለ። በረሃን ያቆማል የተባለው ዛፍ የእርሻ መሬት መውረሩ ሲታይ መንግሥት በ1995 እንዲጠፋ ወሰነ። ውሳኔው ግን ዛፉን አላጠፋውም።

ክፉኛ የተወረሩት የጋሽና የቶከር ደለላማ ሜዳዎች እንዲሁም የኒው ሃልፋ የመስኖ እርሻ ናቸው። ጋሽ ከላይኛው ተፋሰስ መረብ የሚባለው ወንዝ ነው፤ ኒው ሃልፋን የሚያጠጣው አትባራም የተከዜን ውሃ ይዞ የሚወርድ ነው። ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ደጋ የሚመጣው ውሃና ደለል ለገበሬው ማሳ እንደሚጠቅም ሁሉ ለመስኪትም ይስማማዋል። የዛፉ ዘር በጎርፍና በቦይ ውሃ እየተጓዘ አዲስ መሬት ይይዛል።

ምንጣሮውን አስቸጋሪ የሚያደርገው የዛፉ ተፈጥሮ ነው። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ፍየል፣ በግና ግመል ይበሉታል፤ ዘሩ ግን ሆዳቸው ውስጥ ሳይፈጭ ያልፍና ከፋንድያው ጋር ሌላ ቦታ ይወድቃል። አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይበሰብስ ዝናብ ሊጠብቅም ይችላል። ግንዱ ከመሬት በላይ ከተቆረጠ ደግሞ ከጉቶው ሥር ካሉት እምቡጦች ብዙ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል። አንድ ግንድ የነበረው ዛፍ በዓመቱ ሰው የማያሳልፍ እሾኻማ ቁጥቋጦ ይሆናል። በመጥረቢያ ቆርጦ መተው ችግሩን ማባባስ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

በሱዳን ለረጅም ጊዜ የተሠራባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው ሥሩን በእጅ እየቆፈሩ ማውጣት ነው፤ ይሠራል፣ ግን አድካሚና ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው ዶዘር ነው። ዶዘር ፈጣን ቢሆንም ከዛፉ ጋር ለሙን የላይኛውን አፈር ይገፋል፤ የተገረሰሰው እንጨትም ማሳው ዳር ተከምሮ ይቃጠላል ወይም ዘሩን እንደያዘ ይቀራል።

በሌሎች አገሮች የተለመደው ሦስተኛ መንገድ ቁጥቋጦውን በቆመበት መፍጨት ነው። ከትራክተር ወይም በብረት ሰንሰለት ከሚሄድ ማሽን ፊት የሚገጠም፣ ዙሪያውን ጠንካራ የብረት ጥርሶች የተተከሉበት ከበሮ በፍጥነት እየዞረ ግንዱንና ቅርንጫፉን ወደ ስብርባሪ ይለውጣል። ስብርባሪው እዚያው መሬት ላይ ጉዝጓዝ ሆኖ ይቀራል። አፈሩ አይገፋም፣ እሳት አይለኮስም፣ የጉዝጓዙ ሽፋን እርጥበት ይይዛል፣ ጎርፍም አፈሩን በቀላሉ አይጠርግም። ፀሐይ ለሚያቃጥለው ደረቅ ምድር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሆኖም ከበሮው የሚፈጨው ከመሬት በላይ ያለውን ብቻ ከሆነ መስኪት ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ማሽኑ ካለፈ በኋላ ሌላ ሥራ መከተል አለበት፦ ጉቶውን ከአፈሩ በታች መቁረጥ፣ ወይም አፈር ቆፍሮ በሚፈጭ ሌላ መሣሪያ ማድቀቅ፣ ወይም ፀረ አረም መድኃኒት መቀባት። ከዛፉ ዘመዶች ጋር ለብዙ ዘመን የታገሉት የቴክሳስ ከብት አርቢዎች ሥሩን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ የሚቆርጥ ማረሻ የሚጠቀሙት በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ትኩስ የእንጨት ስብርባሪ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ በሚበሰብስበት ጊዜ ናይትሮጅን ስለሚሻማ ወዲያው የሚዘራው ሰብል ሊቀጭጭ ይችላል። የበሰለ ፍሬ የያዘ ዛፍ ቢፈጭ ደግሞ ከፍጭቱ የተረፈው ዘር በማሳው ላይ ይበተናል። ፍሬው ሳይበስል መመንጠር፣ ወይም ቀድሞ ለቅሞ ማውጣት ይሻላል።

ኢትዮጵያም ከዚህ ዛፍ አላመለጠችም። አፋር ውስጥ በደርግ ዘመን በአሚባራና በአካባቢው የተተከለው ዛፍ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንደያዘ ጥናቶች ያሳያሉ። አርብቶ አደሮቹ «የደርግ ዛፍ» ይሉታል፤ «ወያኔ» የሚለው ስም ደግሞ ከዚያም በላይ ታውቋል። አስተካይ የመጣበትን ዘመን እንጂ ሳይንሳዊ ስሙን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በክልሉ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ፍሬውን ፈጭቶ ለመኖ፣ እንጨቱን ለከሰል የማዋል ሙከራ ተደርጓል። ፍሬውን መፍጨት ዘሩን ስለሚገድል እጥፍ ጥቅም አለው። ከሰሉ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ፤ በመስኪት ስም አገር በቀል ግራሮችም ተቆረጡ። ኬንያ ውስጥ የባሪንጎ ነዋሪዎች በዛፉ ምክንያት መንግሥታቸውን ሲከሱ፣ ጥርሷ በፍሬው የረገፈ ፍየል በማስረጃነት ችሎት ፊት አቅርበው ነበር።

ለሱዳን አሁን ያለው ጥያቄ ከማሽን ምርጫ ይሰፋል። ሚያዝያ 2023 የጀመረው ጦርነት ነዳጅን፣ መለዋወጫንና የሠራተኛ ጉልበትን አስወድዷል። ውጊያ ባለፈበት መሬት ያልፈነዱ ተተኳሾች መኖራቸው ሳይጣራ ቁጥቋጦ የሚፈጭ ማሽን ማስገባትም ለኦፕሬተሩ ሕይወት አስጊ ነው።

መስኪት በየዓመቱ በሚታረስ ማሳ ላይ አይበረታም፤ ችግኙ ገና ሳይጠነክር ማረሻ ይነቅለዋል። የሚስፋፋው ውሃ ባጣ፣ ባለቤቱ በተሰደደ ወይም ጦም ባደረ መሬት ላይ ነው። የተመነጠረ ማሳ በቀጣዩ ክረምት ካልተዘራና ቀንበጡ ካልተነቀለ፣ ለነዳጅና ለማሽን ኪራይ የወጣው ገንዘብ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ እሾኽ ይውጠዋል።