ኮርድ በፒያኖና በኢትዮጵያ ቅኝቶች

ኮርድ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የተለያዩ ድምፆች በአንድነት ሲሰሙ የሚፈጠር ውህድ ነው። ኮርዶች የሚገነቡበትና አንዱ ሌላውን የሚከተልበት ሥርዓት ሃርመኒ ይባላል።

መሠረታዊው ኮርድ ባለ ሦስት ድምፅ ነው። በፒያኖ ላይ ዶ፣ ሚ እና ሶል አብረው ሲመቱ የዶ ሜጀር ኮርድ ይገኛል፤ ከዶ እስከ ሚ አራት፣ ከሚ እስከ ሶል ሦስት ግማሽ ድምፆች ርቀት አለ። ሚ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲል (ሚ ፍላት ሲሆን) ኮርዱ ማይነር ይሆናል።

የድረ ገጽ መለማመጃዎች ይህን ልዩነት ለዐይንም ለጆሮም ያቀርባሉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ክሮም ሚውዚክ ላብ ተማሪው አንድ ቁልፍ ሲነካ የኮርዱ ሦስት ድምፆች በስክሪኑ ላይ ተለይተው ይታያሉ፣ ይሰማሉም፤ ሜጀርና ማይነርን እያቀያየሩ ማነጻጸርም ይቻላል።

የኢትዮጵያ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚመሠረትባቸው የድምፅ ረድፎች፣ ባለ አምስት ድምፅ በመሆናቸው ከውስጣቸው የሚወጡት ኮርዶች ጥቂት ናቸው። ከዶ የሚነሣው ትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) የዶ ሜጀርንና የላ ማይነርን ያስገኛል። አምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ግን ሚም ሆነ ሚ ፍላት ስለሌለው በመነሻ ድምፁ ላይ ሜጀርም ማይነርም አይሠራም፤ የሚሰጠው የሬ ፍላት ሜጀርንና የፋ ማይነርን ነው።

ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ በኢትዮ ጃዝ ቅኝቶቹን ከጃዝ ሃርመኒ ጋር አዋህዷል። ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋም የኢትዮጵያን ዜማዎች ለፒያኖ ብቻ አቀናብሯል። ለጀማሪ የሚበጀው አስቀድሞ ቅኝቱን በጆሮው ማጥናት፣ ቀጥሎም ከቅኝቱ ውስጥ የሚገኙትን ኮርዶች መለማመድ ነው፤ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ሲገባ የዜማው ጠባይ ይለወጣል።