የኤግ ደሴት መብራት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት አዲስ አይደለም። ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ይህንኑ የሚያስታውስ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ እናቀርባለን። ታሪኩ በስኮትላንድ ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ የምትገኘው የኤግ ደሴት የመብራት ታሪክ ነው።

ኤግ መቶ ያህል ነዋሪዎች ያሏት ትንሽ የገጠር ደሴት ናት። መሬቷ ለረጅም ዘመን በግለሰብ ባለርስቶች እጅ ቆይቶ፣ ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ከብዙ ሰው በተሰበሰበ መዋጮ በጋራ ገዙት። ሆኖም የአገሪቱ ዋና የኤሌክትሪክ መስመር ባሕሩን ተሻግሮ አልደረሰም ነበር። አብዛኛው ቤተሰብ በጀልባ በሚመጣ ናፍጣ የየግል ጀነሬተሩን በቀን ለጥቂት ሰዓታት ያስነሳ ነበር። ከባሕር ሥር ኬብል ማስዘርጋት ደግሞ ከአቅም በላይ ሆነ።

ስለዚህ ለደሴቲቱ ብቻ የሚያገለግል አነስተኛ የኤሌክትሪክ መረብ ለመዘርጋት ወሰኑ። ወጪው 1.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። አብዛኛው በእርዳታ ተሸፍኖ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀመረ።

ኃይሉ የሚመነጨው ከውኃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ነው። ትልቁ የውኃ ተርባይን 100 ኪሎ ዋት ያህል፣ አራቱ የነፋስ ተርባይኖች ደግሞ እያንዳንዳቸው 6 ኪሎ ዋት ያመነጫሉ። በብርዱ ወራት ዝናቡና ነፋሱ ይበረታል፤ ቀኑ ሲረዝምና ውኃው ሲጎድል ፀሐይ ታግዛለች። የተረፈው በባትሪ ይጠራቀማል፤ ባትሪው ሲሞላ የመሰብሰቢያ አዳራሹንና አብያተ ክርስቲያናቱን ያሞቃል። ሁሉም ባነሰ ጊዜ የናፍጣ ጀነሬተር ይነሣል።

መረቡን ያጸናው ግን ነዋሪዎቹ የተስማሙበት ደንብ ነው። አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎ ዋት፣ አንድ የንግድ ድርጅት ከ10 ኪሎ ዋት በላይ አይወስድም። በእኛ አገር አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚወስድ፣ ሁለት ምጣድ በአንድ ላይ መጣድ አይቻልም ማለት ነው። ከልኩ ያለፈ ቤት የራሱ መብራት ይቋረጣል እንጂ የጎረቤቱ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ዝናብ ባነሰ ጊዜ ደንቡ ተፈተነ። ነዋሪዎቹ ፍጆታቸውን እንዲቀንሱ ተጠየቁ፤ ጀነሬተሩም ሠራ። ከዚያ ወዲህ የፀሐይ ኃይሉ ከ10 ወደ 50 ኪሎ ዋት አድጓል። የዕለት ጥገናውን የሚያከናውኑት ሥልጠና ያገኙ የደሴቲቱ ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ ድርጅቱም የራሳቸው ነው።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገችው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከዋናው መስመር ውጭ የሚሰጥ አገልግሎትንም ያካትታል። እንዲህ ያለ መረብ ወደ ቀበሌያችን ሲመጣ ማሽኑን በእርዳታ ማግኘት ይቻል ይሆናል። ልኩን ማን ይወስናል? ሲበላሽ ማን ይጠግናል? የመለዋወጫው ገንዘብ ከየት ይወጣል? የሚሉትን ጥያቄዎች ግን አባላትና የአካባቢ አመራሮች ምሰሶው ከመተከሉ በፊት በጉባኤ ተቀምጠው ሊመልሷቸው ይገባል።