ከአውድማ እስከ ኮምፒዩተር፤ የጤፍ ዘረ መል ንባብ ታሪክ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በሉማሜ በኩል ወደ ደጀን የሚጓዝ መንገደኛ፣ በኅዳር ወር ግራና ቀኙን የሚያየው ጤፍ ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመው አዝመራ አጠገብ ነፋስና ዝናም ያስተኛው፣ ገበሬው «ጋሸበ» የሚለው ማሳም አይታጣም። የጋሸበ ጤፍ ፍሬው ይቀንሳል፤ አጨዳውም ያደክማል። ይህ የቆየ የጎጃም ገበሬ ችግር ከኮምፒዩተር ጋር የተገናኘበት ታሪክ ለማናቸውም መሐንዲስ ትምህርት የሚሆን ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሩስያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያ ገብቶ የሰብል ዘር ሰበሰበ፤ አገሪቱንም ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ ናት አለ። በ1976 የዘር ባንክ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለብዙ ዘመን ታምኖ ነበር። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት በማስተዋል በ1975 የማዳቀሉን ዘዴ አሳወቀ። በዚሁ መንገድ የተገኘው «ጸደይ» የተባለው ዝርያ በ1984 ለገበሬው ቀረበ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ በስዊስ አገር በበርን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዘሪሁን ታደለ የተሳተፉበት ቡድን የዚሁን የጸደይን ዘረ መል አንብቦ አሳተመ። የማንበቢያው መሣሪያ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አያነብም፤ ቆራርጦ ቁርጥራጩን ያቀብላል እንጂ። ቁርጥራጩን መልሶ የመገጣጠሙ ሥራ የኮምፒዩተር ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ጤፍ 40 ክሮሞዞሞች ሲኖሩት፣ እነዚህም ከሁለት ጥንታውያን ሣሮች የተወረሱና እጅግ የሚመሳሰሉ ናቸው። ሰርገኛን ከነጭና ከቀይ የሚለቅም ሰው ቀለም ይረዳዋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን መልኩ አንድ የሆነውን መለየት አለበት። በ2020 በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን ረዣዥም ቁርጥራጮችን በመጠቀም «ዳቢ» የተባለውን ዝርያ በ20 ክሮሞዞሞች መልክ አደራጀው፤ ከ68,000 በላይ ዘረ መሎችም ተቆጠሩ።

ይህን የመሰለ ሥራ የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ በፕሮግራሙ አተካከል ነው። አንዱ ፕሮግራም የቆየውን ረዳት ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ሌላው አዲሱን። ሁለተኛው ሲተከል የመጀመሪያው ይበላሻል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ክፍል ማበጀትና የተተከለውን ሁሉ ከነቁጥሩ መመዝገብ ሲሆን፣ በ2018 በጽሑፍ የተዋወቀው ባዮኮንዳ የተሰኘው የፕሮግራሞች ማከማቻ የቆመው ለዚሁ ዓላማ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት የመረጃው ብዛት ነው። ከ2009 ጀምሮ የአንዲትን ሕዋስ የዘረ መል ሥራ ለብቻው መመርመር ተችሏል። ለምሳሌ ያህል 68,000 የጤፍ ዘረ መሎች በ100,000 ሕዋሳት ውስጥ ቢመረመሩ ሰንጠረዡ 6.8 ቢሊዮን ቦታ ይኖረዋል፤ ለእያንዳንዱ ቦታ 8 ባይት ቢመደብ 54 ጊጋባይት ያህል ሜሞሪ ይጠይቃል። ተራው ኮምፒዩተር እዚህ ላይ ይቆማል። ነገር ግን ከአሥሩ ቦታ ዘጠኙ ዜሮ ከሆነ፣ ዜሮውን ትቶ ቁጥር ያለበትን ከነአድራሻው ብቻ መያዝ ጭነቱን ወደ 8 ጊጋባይት ገደማ ያወርደዋል። ገበሬው ገለባውን በአውድማ ትቶ ፍሬውን ወደ ጎተራ እንደሚያስገባ ማለት ነው። ትልቅ ማሽን ከመግዛት በፊት መረጃውን ማበራየት ይቀድማል።

የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋው ምንድን ነው? በ2015 የበርኑ ቡድን «ቀኝ» የተባለ፣ ሕዋሳቱ ወደ ቀኝ የሚጠማዘዙ አጭር የጤፍ ዘር እንዳይጋሽብ የረዳው የአንድ ዘረ መል ለውጥ መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ የሉማሜው ገበሬ ችግር ቁልፉ በአንዲት ፊደል ላይ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ዘሩ ከኢትዮጵያ፣ ንባቡ ከበርንና ከሚሺጋን መሆኑ ግን ሊታሰብበት ይገባል። ፕሮግራሙን ተክሎ፣ ስሕተቱን ፈልጎ፣ ውጤቱን ደግሞ የሚያረጋግጥ ባለሙያ በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም እስካልተበራከተ ድረስ፣ የዘሩ ባለቤት የራሱን መጽሐፍ በሰው ዓይን የሚያነብ ሆኖ ይቀራል።