የሞዴል ባቡር፦ ከአሻንጉሊት ወደ ጥበብ

የሞዴል ባቡር መስመርን በቤት ውስጥ እየገነቡና እያሻሻሉ መሄድ የተጀመረው በጀርመን ነው። የአሻንጉሊት ቤት የቆርቆሮ ዕቃ በመሥራት ሥራውን የጀመረው የሜርክሊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት በሞላ የሚሄድ ባቡር ከነሐዲዱ አቀረበ። የሐዲዱ ስፋት ወጥ ልክ ስለወጣለት ገዢው ተጨማሪ ሐዲድ እየገዛ መስመሩን ማስፋት ቻለ።

የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ትልልቅና ውድ ስለነበሩ ሰፊ ክፍል ይጠይቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ግን የሐዲዳቸው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ባቡሮች ለገበያ ቀረቡ፤ ሙሉ መስመር በጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ተቻለ።

ሥራውን ወደ ጥበብ ካሳደጉት አንዱ ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጆን አለን ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በትንሽ ገበታ ላይ የጀመረውን ‹ጎሬ ኤንድ ዳፌቲድ› የተባለ መስመር፣ ኋላ በቤቱ ምድር ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ በሚደርሱ የጄሶ ተራሮች መካከል አሳለፈው፤ የቀድሞውን ገበታም የአዲሱ አካል አደረገው። አዲስ ሎኮሞቲቭ እንዳብረቀረቀ አይተወውም፤ ጥላሸትና ዝገት የሚመስል ቀለም ይቀባው ነበር። ይህ ዘዴ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

አለን እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ሞተ። ከቀናት በኋላ በተነሳ እሳት መስመሩ በአብዛኛው ወደመ፤ ዛሬ የሚታወቀው ራሱ ባነሳቸው ፎቶግራፎች ነው።